ሚኒሞ ላይ ሰላም ናት፣ ነዳጅ ስረግጥ ግን ድርግም ትላለች

አሮጌ ፒክአፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ተስፋ ልቆርጥ ትንሽ ሲቀረኝ ነው የምጽፍላችሁ።

መኪናዋ አሮጌ የጭነት ፒክአፕ ናት። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ በካርቡሬተር (ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው) የምትሠራ፤ ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተሯም ባለ ፑንቲና (መስመሩን እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታ የሚያስነሣው)። ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። እ.ኤ.አ. የ1984 ሥሪት ስለሆነች ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ ትበልጣለች። ሥራዋ ጭነት ነው፤ አሸዋ፣ ቆርቆሮ፣ የቤት ዕቃ፣ የተገኘውን።

ችግሯን ልንገራችሁ። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ብተዋት ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። ማርሽ አስገብቼ ስነሣም ምንም አትልም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እገባለሁ። ከዚያ ትንሽ ፍጥነት ልጨምር ብዬ ፔዳሉን ለስለስ አድርጌ ስረግጥ ድርግም! ሞተር የለም። ፍሪሲዮን ረግጬ ቁልፉን ስመታ ወዲያው ትነሣለች፤ ምንም እንዳላደረገች። 100 ሜትር ሄዳ እንደገና ድርግም። ሁልጊዜ አይደለም ደግሞ። አንዳንድ ቀን አምስቴ፣ አንዳንድ ቀን አንዴም። ሰው ሲያይማ ጨርሶ አታደርገውም።

እስካሁን የተደረገው ይሄ ነው። አራቱም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ተቀየረ። የነዳጅ ፊልትሮው ተቀየረ። የነዳጅ ፓምፑ ተቀየረ። ፑንቲናው ከነኮንደንሰሩ ተቀየረ። ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ታጠበ፤ በሁለተኛው ሲገጠም አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ ተረፈች። ምንድን ናት ብዬ ብጠይቅ «አታስፈልግም» ተባልኩ። ኪሴ ውስጥ ናት።

አሁን ደግሞ ካርቡሬተሩን ጠቅላላ ቀይረው እያሉኝ ነው። ከመቀየሬ በፊት እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው። የደረሰበት አለ?


ባለ ካቻቢቴ፦

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትቀይር። የቀየርከው ይበቃል።

ነዳጅ ስትረግጥ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የአየር በር በአንዴ ይከፈታል። አየር ቀላል ነው፤ ወዲያው ይገባል። ቤንዚን ከበድ ስለሚል ትንሽ ይዘገያል። ያቺን የመዘግየት ቅጽበት የምትሸፍን ትንሽ ፓምፕ እዚያው ካርቡሬተሩ ላይ አለች፤ አክሰለሬተር ፓምፕ ትባላለች። ውስጧ ስስ ላስቲክ ወይም ትንሽ ፒስተን ነው ያለው። ላስቲኩ ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ ሞተሩ ገና ስትረግጠው ይታፈናል። ሲብስበት ይጠፋል። ካርቡሬተር በማጠብ ይህ አይድንም፤ ላስቲኩ ራሱ ነው መቀየር ያለበት።

ለማየት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩን አጥፋና ይቀዝቅዝ። የአየር ፊልትሮውን አውርድ። የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ከላይ እያየህ ከፔዳሉ የሚመጣውን ዘንግ በእጅህ ግፋው። እጅህ እንደተንቀሳቀሰ፣ ሳይዘገይ፣ ቀጭን የቤንዚን ክር መተኮስ አለበት። ከተንጠባጠበ ወይም ዘግይቶ ከመጣ አገኘኸው ማለት ነው። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ አይድረስ። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ጉሮሮው ላይ እንዳታጎነብስ። ካርቡሬተር ሲያስነጥስ እሳት ነው የሚተፋው። እኔ አንድ ቅንድቤን በዚህ ሰጥቻለሁ፤ ደግነቱ ይበቅላል።

ክሩ ደህና ከሆነ ወደ ነዳጁ አመጣጥ ሂድ። ወደ ካርቡሬተር የሚገባውን ቱቦ ነቅለህ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ክተት። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሚኒሞ ላይ ለትንሽ ጊዜ ያሠራታል። ደህና ፓምፕ በ30 ሴኮንድ ግማሽ ሊትር ገደማ ይሰጥሃል። ይህን ሞተሩ ሳይሞቅ አድርገው፤ ጠርሙሱንም ሁለተኛ ሰው ይያዝልህ።


ናፍጣ ብቻ፦

እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ፤ ካንዴላ ምናምን አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጨምር።

የእኔም እንዲህ ስትረግጣት ትጠፋ ነበር። ፊልትሮ ቀየርኩ፣ አየር ገብቶባት ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየር አስወጣሁ፣ ምንም። በመጨረሻ ታንኩ ወርዶ ሲገለበጥ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? መዳፍ የምታክል የፌስታል ቁራጭ። ሞተሩ ብዙ ሲስብ ፌስታሏ መምጠጫው አፍ ላይ ትለጠፋለች፤ ሲጠፋ ትለቅና ትንሳፈፋለች። ስለዚህ ቆሜ አምስት ደቂቃ ስጠብቅ ሁሌ ትነሣልኝ ነበር። ያ አምስት ደቂቃ ነው ያሳበደኝ።

የታንኩን ክዳንም ተመልከት። የክዳኑ መተንፈሻ ከተደፈነ ነዳጁ ሲቀንስ የሚተካው አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ላላ አድርገህ ንዳት። ስትከፍተው «ፉፍ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ ነገሩ እሱ ነው።


ፈጣን መልስ፦

ካርቡሬተር ጣልና ኢንጀክሽን ግጠም። አለቀ።


አሮጌ ፒክአፕ፦

@ፈጣን መልስ፣ ለሷ ኢንጀክሽን ከምገጥም ለኔ ክንፍ ብገጥም ይቀለኛል።

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሰዓት የተባልኩትን ሁሉ ሞከርኩ።

የአየር ፊልትሮውን አወረድኩና ዘንጉን ገፋሁት። ክሯ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ ወጣች። አሥር ጊዜ ደጋገምኩ፣ አሥሩንም ጊዜ ያው። ስለዚህ ላስቲኩ ደህና ነው።

ጠርሙስ ላይ ደግሞ ልጄ ሰዓት ይዞልኝ ለካን። 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ግማሽ ሊትሩ አለፈ። የታንኩን ክዳን ጨርሶ አውጥቼ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ነዳኋት። ሦስት ጊዜ ጠፋች። ፌስታልም የሚኖር አይመስለኝም፤ እኔ አምስት ደቂቃ አልጠብቅም፣ በዚያው ቅጽበት ነው የምትነሣው።

አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ላይ አልነገርኳችሁም፣ ቁምነገርም አልመሰለኝም። ዳገት ላይ ጭነት ይዤ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስረግጣት አትጠፋም። አንዴም ጠፍታ አታውቅም። የምትጠፋው ሜዳ ላይ፣ ባዶዋን፣ በቀስታ ስረግጥ ነው። ነዳጅ ቢያጥራት ኖሮ ዳገቱ ላይ አይብስም ነበር?


ባለ ካቻቢቴ፦

ይብስ ነበር። በደንብ ይብስ ነበር። እንግዲህ እኔ ካርቡሬተር ላይ የማውቀው እዚህ አለቀ። ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አየር ያስገባ ይሆን እንዳልል፣ አየር የሚያስገባ ጓርኒሲዮን ሚኒሞውን ነው ቀድሞ የሚረብሸው። ያንተ ሚኒሞ ደግሞ ሰላም ነው።


ጋሽ ፑንቲና፦

ልጄ፣ ያቺን የዳገት ነገር መጀመሪያ ብትጽፋት ኖሮ ጠርሙስ ይዛችሁ ባልደከማችሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው? ታፍና፣ አስነጥሳ፣ ተንገጫግጫ ነው? ወይስ አንድ ሰው ቁልፉን ከጎን እንዳጠፋብህ ነው?

ነዳጅ ያጠረው ሞተር ሲሞት ያስታውቃል። ይጎትታል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ነው የሚሞተው። ብልጭታ የጠፋበት ሞተር ግን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አሁን አለ፣ አሁን የለም። «ድርግም» ያልከው ቃል ራሱ እኔን ወደ ኤሌክትሪኩ ነው የሚወስደኝ።

አሁን ዲስትሪቢውተርህን ከጎን ተመልከተው። እንደ ትንሽ ጣሳ ያለ ክብ ነገር ተለጥፎበት፣ ከካርቡሬተሩ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ መጥቶ ይገባበታል። ቫኪዩም አድቫንስ ነው። ሞተሩ የሚስበው ባዶ አየር በዚያች ቱቦ መጥቶ በውስጡ ያለውን ላስቲክ ይጎትታል፤ ላስቲኩ ዘንግ ይጎትታል፤ ዘንጉ ደግሞ ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ትንሽ ያዞረዋል። ብልጭታው ቀደም እንዲል ነው ይህ ሁሉ።

የቱቦዋ ቀዳዳ በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ከአየሩ በር በላይ ነው ያለችው። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ፣ ምንም አይደርሳትም። ሳህኑ አይንቀሳቀስም። ፔዳሉን ለስለስ አድርገህ ስትረግጥ በሩ ትንሽ ይከፈትና ስበቱ በአንዴ ይደርሳታል፤ ሳህኑ ይዞራል። እስከ ወለሉ ስትረግጥ ደግሞ በሩ ሙሉ በሙሉ ስለሚከፈት ስበቱ ይሞታል፤ ሳህኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዲህ የራስህን ነገር መልሰህ አንብበው። ሚኒሞ ሰላም፣ ለስለስ ያለ እርግጫ ሞት፣ ዳገት ላይ ሙሉ እርግጫ ሰላም። መኪናህ የምትጠፋው ሳህኑ ሲዞር ነው።

ሳህኑ ሲዞር አብራው የምትጎተት ሽቦ አለች፤ ከውጭ ካለው ማያያዣ ወደ ፑንቲናው የምትገባው። በዓመታት ብዛት ከውስጥ ትበጠሳለች። ከላይ ልባሷ ደህና ነው፣ ብታያት ጤነኛ ናት። ላላ ስትል የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ፤ ስትጎተት ይለያያሉ። በብዙ ዲስትሪቢውተር ላይ ፑንቲና ስትቀይር ይህች ሽቦ አብራ አትቀየርም። ስለዚህ አዲሱ ፑንቲና አላዳናትም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ቱቦዋን ከዲስትሪቢውተሩ ንቀልና ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ጫፍ በትንሽ ብሎን ድፈነው። ከዚያ ንዳት። ትንሽ ትከብድሃለች፣ ነዳጅም ትንሽ ትጨምራለች፤ ለአንድ ቀን ሙከራ አይጎዳም። ሳትጠፋ ከዋለች ነገሩ አለቀ።

ከዚያ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍተህ በመለኪያ አረጋግጥ። ወደ ቦቢና (የብልጭታውን ኃይል ወደሚሰጠው) የሚሄደውን ሽቦ ንቀል። መለኪያውን ኦም ላይ አድርግ፤ አንዱን ጫፍ የውጭው ማያያዣ ላይ፣ ሌላውን የፑንቲናው ተንቀሳቃሽ ክንድ ላይ። ዜሮ ገደማ ማንበብ አለበት። አሁን ቱቦዋን ጣሳው ላይ ሰክተህ ሌላውን ጫፏን በአፍህ ሳብ። ሳህኑ ሲዞር ታየዋለህ። ቁጥሩ ከዜሮ ከሸሸ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ስትስብ ሳህኑ ካልተንቀሳቀሰ ግን ንገረኝ፤ ያኔ የጣሳው ላስቲክ ተቀዷል፣ እኔም ተሳስቻለሁ።

ስለዚያች ስፕሪንግ በኋላ እናወራለን። እንዳትጥላት።


ናፍጣ ብቻ፦

ናፍጣ ለምን እንደምወድ አሁን ገባኝ።


አሮጌ ፒክአፕ፦

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

በቅደም ተከተል ልንገርዎት። ትናንት ጠዋት ቱቦዋን ነቅዬ ደፈንኩ። ቀኑን ሙሉ ሠራሁባት፤ ስድስት ምልልስ፣ ግማሹ ባዶዬን በሜዳ። አንዴም አልጠፋችም። ስትጠፋ እንዴት ነው ላሉኝ፣ አዎ፣ ልክ ቁልፉን እንዳጠፉባት ናት። ማስነጠስ የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ካርቡሬተር ነው ሲሉኝ እኔም ካርቡሬተር ካርቡሬተር ስል ለካ ጆሮዬ የሚሰማውን ትቼ ነው።

ማታ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፈትኩ። ልጄ የእጅ ባትሪ ይዞልኛል፤ እኔ ቱቦውን በአፌ ይዣለሁ። ጣዕሙን አይጠይቁኝ። ስስብ ሳህኑ ትንሽ ዞረ፤ ከሩብ ጣት አይበልጥም። መለኪያው ዜሮ ላይ ነበር። ስስብ 1 አለ፤ የኔ መለኪያ መስመር ሲቋረጥ 1 ነው የሚጽፈው። ስለቅ ዜሮ። ስስብ 1። ልጄ «እንደገና፣ እንደገና» እያለ ሃያ ጊዜ አስሳበኝ።

ሽቦዋን ፈትቼ አወጣኋት። ርዝመቷ የትንሽ ጣቴን ያህል ነው። ቀይ ልባስ ነበራት፣ በዘይትና በሙቀት ብዛት ቡናማ ሆኗል። ባያት ባያት ምንም አልታይ አለኝ። ሁለቱን ጫፎች ይዤ ቀስ ብዬ ስጎትታት ግን መሐል ላይ፣ ሳህኑ ውስጥ የምትታጠፍበት ቦታ፣ ልባሷ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። መዳብ ያለበት ሽቦ አይለጠጥም። በምላጭ ሰነጠቅኩት። ውስጡ ጥቁር ዱቄትና እንደ ፀጉር የሳሱ የመዳብ ክሮች፤ አንዳቸውም ከወዲያኛው ጫፍ ጋር አልተያያዙም። አራት ካንዴላ፣ አንድ ፓምፕና ሁለት የካርቡሬተር እጥበት ለዚህች!

አሁን በምን ልተካት? ቤት ውስጥ የመብራት ሽቦ አለኝ፤ ይሆናል?


ጋሽ ፑንቲና፦

የመብራት ሽቦ አይሆንም። ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ነው፤ ሳህኑ ሺህ ጊዜ ሲያጥፈው ይሰበራል። ከዚያ በፊት ደግሞ በድርቅናው ሳህኑን እንዳይዞር ይይዘዋል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ ፈልግ። የመለኪያህ የራሱ ገመድ ውስጥ ያለው ዓይነት። ሙቀትና ዘይት የሚችል ልባስ ይኑረው። ጫፎቹን በደንብ ጭመቃቸው። ብየዳ ካደረግህ ቆርቆሮው ወደ ሚታጠፈው ክፍል እንዳይዘልቅ፤ ቆርቆሮ የጠጣ ሽቦ ይደርቅና እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ርዝመቱን ከአሮጌዋ ትንሽ ጨምርለት፤ ሳህኑ እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠር። ግን እንዳይንጠለጠልም። መሐል ላይ የሚዞረው ካም (ፑንቲናውን የሚከፍተው) ከነካው ልባሱን ይበላዋል፤ አካል ከነካ ደግሞ አሁንም ድርግም ነው።

ከሳህኑ ወደ ዲስትሪቢውተሩ አካል የምትሄድ ሌላ አጭር ሽቦም አለች፤ መሬት የምትይዘው። እሷም እኩያዋ ናትና አብረህ ቀይራት።

እጅህ ከገባ አይቀር የፑንቲናውን ክፍተት ተመልከት። የመኪናህ መጽሐፍ ካለህ የሱን ቁጥር ያዝ። ከሌለህ በብዙ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካሙ ክንዱን ከፍ ባደረገበት ቦታ ላይ ነው የሚለካው። ክፍተቱን ካስተካከልህ በኋላ ታይሚንጉንም (ብልጭታው የሚመጣበትን ሰዓት) አየው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነካል። ቱቦዋን መልሰህ መሰካት ደግሞ እንዳትረሳ፤ ቱቦዋ በብሎን ተደፍና ተረስታ ስንት ዓመት የተነዳች መኪና አይቻለሁ።


ሲሊንደር 6፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የኔ ኢንጀክሽን ነው፣ ልክ እንዲህ ስረግጠው ይጠፋል። የኔም ሽቦ ይሆን?


ባለ ካቻቢቴ፦

ያንተ ሌላ ታሪክ ነው። ኢንጀክሽን ላይ ቫኪዩም የሚያዞረው የፑንቲና ሳህን ብዙ ጊዜ የለም። የአየር መጠን መለኪያውን ሴንሰር፣ የአየር በሩን አቀማመጥ የሚያነበውን ሴንሰርና የነዳጅ ግፊቱን ነው የምታየው። ሞዴሉን፣ ዓመቱንና የሚያሳየውን የስሕተት ኮድ ጽፈህ ለብቻው ጥያቄ ክፈት። እዚህ ከተቀላቀለ ሁላችንም እንጠፋለን።


አሮጌ ፒክአፕ፦

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ሁለቱንም ሽቦ ቀየርኩ። ከአሮጌ የመለኪያ ገመድ ቆርጬ ነው የሠራኋቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ክፍተቱን 0.45 ላይ አደረግኩት። ቱቦዋ ተሰክታለች፤ ብሎኑን እንዳልረሳ ጥርሴ መሐል ይዤ ነበር የሠራሁት። ሳምንቱን ሙሉ ጭኛለሁ፣ አንዴም አልጠፋችም። ሜዳ ላይ ለስለስ ሳደርጋት ቀስ ብላ ትነሣለች፤ ለካ እንዲህ ትሄድ ነበር።

ጋሼ፣ ስፕሪንጓስ? እናወራለን ብለውኝ ነበር።


ጋሽ ፑንቲና፦

እሷን አልረሳኋትም፤ የሽቦው ነገር ይለቅ ብዬ ነው የቆየሁት።

ርዝመቷ ስንት ነው? ሁለቱም ጫፏ ላይ መንጠቆ አላት? ካላት የአየሩን በር መልሳ የምትዘጋው ልትሆን ትችላለች። ብዙ መኪና ላይ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ብትሰበር ሌላዋ እንድትይዝ። አሁን በአንዷ ብቻ እየሄድክ ከሆነ፣ እሷ የተሰበረች ቀን ፔዳሉ ተረግጦ ይቀርብሃል። መጥፋት ያኔ ያምርሃል።

ሞተሩን አጥፍተህ በካርቡሬተሩ ጎን ያለውን ክንድ ተመልከት። ባዶ ቀዳዳ ወይም ባዶ መንጠቆ ካለ የሷ ቦታ ነው።


አሮጌ ፒክአፕ፦

አሁን ነው ከኮፈኑ ሥር የወጣሁት። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አለ። አንዱ ላይ ስፕሪንግ ተሰክቷል። ሌላው ባዶ ነው፤ ጠርዙ ላይ የመንጠቆ መፋቂያ ምልክት አለበት፣ ብረቱ ያብረቀርቃል። ከኪሴ አውጥቼ ስሰካት ልክክ አለች። ፔዳሉ አሁን ትንሽ ጠንከር ብሏል፤ ልጄ ረግጦ «ተቀየረች እንዴ?» አለኝ።